ጥምጥም ያሰረው አርበኛ

ይህ የሆነው በጣሊያን ጊዜ፣ ደብረ ማርቆስ መግቢያ ኬላ ላይ ነው። እስከ ዛሬ አንገቴን በዳሰስሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ የምዳስሰውም ቦታው ላይ መኖሩን ለማረጋገጥ ነው።

የአምበር ገበሬ ነኝ። ክረምት ሲገባ ከጭቃ ስንዝር የማይሞሉ ሰዎች እሠራለሁ፤ በሬ የጠመደ፣ እንስራ ያዘለች፣ ከበሮ የሚመታ ደብተራ። ጎረቤቶቼ «የሰው በሬ ክረምት ያወፍረዋል፣ ያንተን ዝናብ ያሟሟዋል» ይሉኛል።

እህቴ የውብዳር ደብረ ማርቆስ ትኖራለች። ልጇ አያሌው ከአርበኞች ጋር ቾቄ ተራራ ከገባ ወዲህ ሳቅ ረስታ ነበር። «መልኩ ሊጠፋኝ ነው» ብላ ብትልክብኝ አያሌውን ከነጎፈሬው፣ ጠመንጃውን ከጭራሮ አድርጌ ሠራሁላት። ጎፈሬውን ትንሽ ሳላበዛው አልቀረሁም፤ መንጋ ንብ ይሰፍርበት ነበር። እሳት ሳያየው፣ ገና እርጥብ ሳለ፣ ከሌሎቹ ጋር በጭድ ሸፍኜ በአገልግል ይዤው ሄድሁ።

ኬላው ላይ ጣሊያኑ ሹም አገልግሉን አስከፈተኝ። ሰውየው እንዲህ ያለ ነገር ይሰበስባል ኖሯል፤ ደስ ብሎት አንድ በአንድ እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። በመጨረሻ አያሌው ወጣ።

ጎፈሬ የአርበኛ ምልክት መሆኑን ጣሊያንም ያውቃል። የሹሙ ፊት ጠቆረ። «ይህ ማን ነው?» ብሎ ሐበሻ አስተርጓሚውን ጠየቀው።

አስተርጓሚው ጭቃውን አገላብጦ አየና ለሹሙ በጣሊያንኛ አንድ ነገር አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ተቆጣ።

«አንተ ባላገር፣ መሪጌታውን ጥምጥሙን ሳትጨርስለት ታመጣዋለህ? መቋሚያውስ ራስ የለውም እንዴ? እዚሁ ጨርስ።»

ጎፈሬውን በአውራ ጣቴ ደፍጥጬ ዙሪያውን በጥፍሬ ብጭረው ጥምጥም ሆነ። ከእግሩ ሥር ጭቃ ቆንጥሬ አፈሙዙ ላይ ባጋድም ጠመንጃው መቋሚያ ሆኖ ቁጭ አለ። ሹሙ አጨበጨበ። ሌሎቹን ትቶልኝ «መሪጌታውን» ታቅፎ ከኬላው ጀርባ ካለው ምሽጉ ገባ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ» አልሁት አስተርጓሚውን።

«ሂድ። ሁለተኛ ጎፈሬ እንዳታበዛ» አለኝ በጆሮዬ።

እህቴ ዘንድ ደርሼ «ልጅሽ ምሽጉ ገብቷል» ብላት ልትወድቅ ነበር። ነገሩን ስነግራት ግን ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

አሁን ጣሊያን ወጥቷል። ያን አስተርጓሚ ስሙን እንኳ አላወቅሁትም፤ ጥምጥም ያሰረ ሰው በሠራሁ ቁጥር ግን እመርቀዋለሁ። አያሌውም በደኅና ተመልሶ «አርበኞች ምሽጉን ሲይዙ ቀድሜ የገባሁ እኔ ነኝ» እያለ ይፎክራል።

እናቱ ታዲያ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው «ሁለተኛ ነህ ልጄ፤ ፊተኛው ጥምጥም አስሮ ነው የገባ» ትለዋለች።