ከሐኪሙ ወረቀት የዘለልኩት፤ ከቦሌ ወደ ጎሮ

ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ቤት

የሌሊቱ ዝናብ አባርቷል፤ ከቆርቆሮው ጠርዝ ግን አሁንም ጠብ ጠብ ይላል። የመስታወት መርፌውን ከሚፈላው ውሃ በሹካ አወጣሁና እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ። እትዬ ዘነበች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ክንዳቸውን ሰጡኝ። እትዬ የእናቴ ታላቅ ናቸው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ የስኳር ሕመም ከያዛቸው ወዲህ ደግሞ መርፌያቸውን የምወጋ፣ ወረቀታቸውን የማነብ እኔ ነኝ። ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ለወረቀት ግን አላንስም።

ዛሬ የፍልሰታ ጾም ሁለተኛ ቀን ነው። «መርፌ በአፍ አይገባ፤ ጾም አይሽርም» ይላሉ እትዬ። ትላንትም ተወግተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ውለዋል። ራሳቸውን አዞራቸው እንጂ ሌላ አልሆኑም፤ ቀኑን ሙሉ ተኝተው ነበርና።

ዛሬ ግን አይተኙም፤ ጎሮ ይሄዳሉ። ታላቅ እህታቸው እማማ አስካለ እዚያ ነው የሚኖሩት፤ ከተያዩ ዓመት አለፋቸው። በመካከል የሆነው ይህ ነው። በቀበሌያችን የእሑድ ማስ ስፖርት ላይ «ለጤና ነው» ተብለው ከወጣቱ ጋር ሮጡ። በላስቲክ ጫማ ነበር። እግራቸው ቆስሎ ሁለት ወር ተኙ። ሲያገግሙ አንድ ወጣት ሐኪም እንዲህ አላቸው፦

«እማማ፣ እንቅስቃሴ መድኃኒት ነው። መድኃኒት ደግሞ ልክ አለው። የእርስዎን ልክ እኔ ልጻፍልዎት።»

በደብተር ወረቀት ላይ፣ እኔ እንድረዳው ፊደሉን አጉልቶ ጻፈው። ሜዳ ላይ እንጂ ዳገት አይሂዱ። በአሥር ደቂቃ ይጀምሩ፤ በየሳምንቱ ትንሽ ይጨምሩ። እየሄዱ ማውራት መቻል አለብዎት፤ ወሬው ካቃተዎት ይቁሙ። ሽፍን ጫማ ያድርጉ። ሲመለሱ እግርዎን ይዩ፣ ጣት በጣት። በዚሁ መሠረት ስምንት ሳምንት ተለማመዱ፤ መጀመሪያ ግቢውን ዞሩ፣ ቀጥሎ እስከ ቀበሌው ሱቅ፣ ቀጥሎ እስከ አስፋልቱ። አርባ ደቂቃ ሲሞሉ ሐኪሙ ጎሮን ፈቀደና፣ ጾሙ መድረሱን ሰምቶ አዲስ ወረቀት ጻፈላቸው። የቀድሞው ሁሉ አለበት፤ መካከሉ ላይ ግን አንድ አንቀጽ ተጨምሯል።

ያችን አንቀጽ ነው ያላነበብኩላቸው።

ወረቀቱን ባመጣሁ ዕለት የንስሐ አባታቸው አባ እና ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ እኛ ቤት ነበሩ። «በይ ጮክ ብለሽ አንብቢ» አሉኝ እትዬ። አነበብኩ። መካከል ላይ ስደርስ እንዲህ ይላል፦ «መርፌ ከተወጉ በኋላ እህል ሳይቀምሱ አይሂዱ፤ ጾምም ቢሆን። ላብ ላብ ካለዎት፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ወዲያው ስኳር ወይም ማር ይቅመሱ።» የፍልሰታ ዋዜማ ነው። አባ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። እኔ ማን ሆኜ ነው በእሳቸው ፊት ጾም ይፈታ የምለው? ዐይኔ ወደ ታች ወረደ። «ሽፍን ጫማ ያድርጉ» ብዬ ቀጠልኩ።

እትዬ ሙሉ ሳቁ። «ይኸው ነው? ለዚህ ነው እስከ ቀትር ወረፋ ስትጠብቂ የዋልሽው?»

ማታ ብቻችንን ስንሆን እነግራቸዋለሁ አልኩ። ማታ ደግሞ «ቅድም ለምን ዘለልሽው?» እንዳይሉኝ አፈርኩ። አንዱ ቀን ሌላውን እየወለደ ይኸው ዛሬ ደረሰ። መርፌውን ወግቼ ክንዳቸውን በጥጥ ያዝኩ፤ አሁንም አልተናገርኩም።

አንድ ሰዓት ከሩብ፤ የአውሮፕላን ማረፊያው አጥር

በአጥሩ ጥግ ያለው ሣር ጤዛ አዝሏል። እትዬ ጥቁሩን ሸራ ጫማ አድርገዋል፤ ነጠላቸውን አጣፍተዋል፤ እንደ ሙሽራ ቸኩለዋል። ጠመንጃ ያነገተ ወታደር ከወዲያ ጮኸ።

«እናት፣ አጥሩን አትጠጉ!»

«ልጄ፣ አጥር የምዘል እመስልሃለሁ? ሐኪም ያዘዘልኝን መድኃኒት እየወሰድኩ ነው።»

«የታል መድኃኒቱ?»

«ይኸው፣ እየረገጥኩት።»

ወታደሩ ሳቀና በእጁ እለፉ አለን። እኔም ሳቅሁ።

አስፋልቱ ላይ ውይይት ታክሲ አገኘን። ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበት ስለሆነ ውይይት ይሉታል፤ ዛሬ ግን የሚወያይ የለም። አንዱ ጋዜጣ ያነባል፤ አንዲት ሴት የቀበሌ ዘይቷን በጠርሙስ አቅፋለች። እስከ መገናኛ ስሙኒ ስሙኒ ከፈልን።

ሁለት ሰዓት፤ ከመገናኛ ወደ ገርጂ

ጠጠር የሚያመላልስ መኪና ቆሞ ነበር። ሹፌሩ ሆዱ መሪውን የነካ፣ ሳቂታ ሰው ነው። እትዬን ሲያይ ራሱ ወርዶ ደግፎ አወጣቸው። ጋቢናው ናፍታና ብርቱካን ይሸታል።

«የት ነው እናቴ?»

«ገርጂ መጨረሻ አውርደን። ከዚያ በእግሬ ጎሮ። ሐኪም ነው ያዘዘኝ፤ ስኳር አለብኝ።»

«እኔም ደም ብዛት አለብኝ። ሐኪሙ ‹በየቀኑ ሂድ› አለኝ። ‹ቀኑን ሙሉ እሄድ የለ እንዴ› አልኩት።»

«በመኪና!»

«በመኪና!»

ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ይቺ ልጅ አትናገርም እንዴ?»

«ዐይነ አፋር ናት» አሉ እትዬ፣ ጉልበቴን እየመቱ። «ወረቀት ስታነብ ግን ብትሰማት! እንደ ዲያቆን ናት። አንድ ፊደል አታስቀር።»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ውጭ የጭቃ ግድግዳ፣ የባሕር ዛፍ አጥር፣ ከዚያም ማሳ ብቻ ይታይ ነበር። «እትዬ፣ አስቀርቻለሁ» ማለት ሦስት ቃል እንኳ አይሞላም። ሹፌሩ አለ አልኩ። ሁልጊዜ አንድ ሰው አለ።

ሦስት ሰዓት፤ ማሳው መካከል

ከገርጂ ወዲያ መንገዱ ለእግር ብቻ ነው። የጤፉ ቡቃያ ገና አንድ ጣት ነው፤ አረንጓዴው ዐይን ይወጋል። ጥቁሩ ጭቃ ጫማ ይጎትታል። እትዬ እንደ ወረቀቱ እያወሩ ይሄዳሉ። እሳቸውና እማማ አስካለ ልጆች ሳሉ አንዲት ጥቁር በግ ሰርቀው ጎረቤት ቤት እንደሸሸጉ፣ በጓ ግን የራሳቸው ቤት በግ እንደነበረች እየነገሩኝ ነው።

«አባታችን ሲፈልጋት አስካለ ምን አለች መሰለሽ…»

እዚህ ላይ ዝም አሉ። መንገዱን እያዩ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አንዲት ትንሽ ወንዝ በድንጋይ ተሻገርን። አሁንም ዝም።

«እማማ አስካለ ምን አሉ?»

«ማን?»

«ስለ በጓ።»

«የምን በግ? አትነዝንዢኝ!» ብለው ጮኹብኝ። እትዬ ጮኸውብኝ አያውቁም። ቀና ብዬ አየኋቸው። በዚያ ብርድ ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ ነጠላቸውን የያዘው እጃቸው ይርገፈገፋል። እርጥብ ድንጋይ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡና «ዘውዴ» አሉኝ። ዘውዴ እናቴ ናት።

የዘለልኩት አንቀጽ ሁሉ፣ ነጥቡ እንኳ ሳይቀር፣ ዐይኔ ላይ መጣ። በእጄ ግን ስኳር የለም፤ ማር የለም። ያልተነበበ ነገር ማን ይይዛል?

ጮህኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ራቅ ብላ ካለች ጎጆ አንዲት ሴት እጇ ጭቃ እንደሆነ እየሮጠች መጣች።

ሦስት ሰዓት ተኩል፤ የአዴ ጫልቱ ቤት

የመጣችልን ሴት፣ አዴ ጫልቱ፣ ጎልማሳ ገበሬ ናት፤ አማርኛዋ ትንሽ፣ እጇ ጠንካራ ነው። ሁለታችን ግራና ቀኝ ይዘን እትዬን ወደ ጎጆዋ አስገባን። «ማር» አልኳት። አልጠየቀችኝም። ለሳል ያስቀመጠችውን ከቅል አውጥታ በውሃ በጠበጠችና በጣሳ አቀረበች።

«ዱጊ፣ ዱጊ» አለቻቸው፤ በኦሮምኛ ጠጪ ማለቷ ነው።

እትዬ ከንፈራቸውን ገጠሙ። «ጾም ነው።»

«እትዬ፣ ይጠጡ! ወረቀቱ ላይ አለ! ጾምም ቢሆን ይላል! እኔ ነኝ የዘለልኩት፣ እኔ ነኝ!»

የገባቸው አይመስለኝም። ጣሳውን አፋቸው ላይ ሳስጠጋው ግን ትንሽ ትንሽ እያሉ ዋጡት። አዴ ጫልቱ ጀርባቸውን ደግፋ ያዘች። ሲጨርሱ ትኩስ ቂጣ በንፍሮ ሰጠቻቸው። ላቡ ደረቀ፤ እጃቸው ረጋ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆዩ በኋላ ዐይናቸው እኔን እንደ እኔ አየኝ።

«ትርንጎ፣ ቅድም ምን ነበር ያልሽው?»

መጀመሪያ የተናገርኩት ለማያዳምጥ ሰው ነበር። አሁን ለሚያዳምጥ መናገር ነበረብኝ። መሬት መሬት እያየሁ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አባን፣ እትዬ ሙሉን፣ ከዚያ በኋላ ያለፉትን ቀናት።

አዴ ጫልቱ እሳቱን ትቆሰቁሳለች።

«ያፈርሽው ለእኔ ነው ወይስ ለራስሽ?» አሉኝ በመጨረሻ።

ለራሴ ነበር።

ቀትር፤ እዚያው

እማማ አስካለ ቤት ለመድረስ የቀረን የሩብ ሰዓት መንገድ ነበር። እትዬ ሊነሡ ሞከሩ። «ዛሬ ይበቃዎታል» አልኳቸው። አዴ ጫልቱ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሄደችና እማማ አስካለን ይዛ መጣች፤ በትር የያዙ፣ ቀጭን፣ ፈጣን አሮጊት።

«አንቺ ትመጫለሽ ብዬ ስጠብቅ እኔው መጣሁ! ያ ሐኪምሽ ለእኔም ይጻፍልኛ!»

ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ሳቁ። የበጓን ወሬ መጨረሻ እዚያ ሰማሁት፤ እማማ አስካለ ለአባታቸው «በጓ ራሷ ሰርቃን ሄደች» ብለው ነበር። ሁሉም ሲስቅ እኔ የእትዬን ሸራ ጫማ አየሁ። ስምንት ሳምንት የተለማመዱት ለመጨረሻዋ ሩብ ሰዓት ነበር። በእህታቸው ደጃፍ በራሳቸው እግር መግባት ነበር የፈለጉት።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፤ ቦሌ

እስከ ገርጂ በአዴ ጫልቱ ጎረቤት ጋሪ መጣን፤ ከዚያ ያው የጠጠር መኪና አነሣን። ሹፌሩ የእትዬን ፊት አይቶ አልቀለደም። ከመገናኛ በታክሲ ቤት ስንደርስ አባ ከቅዳሴ ተመልሰው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ እትዬ ሙሉም አሉ።

«እንዴት ነበር መንገዱ?» አሉ እትዬ ሙሉ። «ከስተሽ መጣሽ!»

«ጭቃ ነው እንጂ ደኅና ነበር» አሉ እትዬ። «አስካለንም አገኘኋት።»

ወደ እኔ አላዩም። ሸፈኑልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጓዳ ገብቼ ወረቀቱን አመጣሁ። «አባ፣ ይህን ሳነብ አንድ አንቀጽ ዘልዬ ነበር» አልኩና ከላይ ጀመርኩ። መካከሉ ላይ ስደርስ ሳልዘል ቀጠልኩ። «መርፌ ከተወጉ በኋላ እህል ሳይቀምሱ አይሂዱ፤ ጾምም ቢሆን…» ማሳው ላይ የሆነውንም ነገርኳቸው።

እትዬ ሙሉ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። አባ ግን ወረቀቱን ተቀብለው ራሳቸው አነበቡትና «ታዲያ ይህን ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ?» አሉ። «በታመመ ሰው ጾም አይጸናም። ያን ቀን ብሰማው ያን ቀን እፈታት ነበር።»

አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። መልሱም እሺ ነበር። ፊቴ ነደደ፤ የት እንደምቆም ጠፋኝ።

እትዬ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ፤ ጭቃ የለበሰውን እግራቸውን ዘርግተው አዩኝ።

«በይ፣ የቀረችውን መስመር አንብቢ።»

«ሲመለሱ እግርዎን ይዩ፣ ጣት በጣት።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ዐይኔ እንደሆነ ደክሟል።»

ተንበርክኬ ጫማውን አወለቅሁ። እግራቸውን በለብ ያለ ውሃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በሰዎቹ ሁሉ ፊት ከትልቁ ጣት ጀመርኩ። አሥሩንም አየሁ። አንዱንም አልዘለልኩም።