እትዬ ጠቅታና «ቸኮለ» የተባለው እጅ

«ዘመኑን መች ጠየቅሁህ? የጠየቅሁህ ገመዱን ነው!»

የስልክ ዕቃ በሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ አንዲት አሮጊት ከባለሱቁ ጋር ተፋጠዋል። ቻርጀር ልትገዛ የገባችው ጸሐፊ ከኋላቸው ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች።

«እማማ፣ ገመድ ያለው ኢርፎን አሁን ማን ይፈልጋል ብለው ነው? ይኸው ብሉቱዝ አለልዎት። ጆሮዎ ላይ ሰካ ማድረግ ብቻ ነው።»

«ወድቆ አልጋ ሥር ሲገባስ ማን ያወጣልኛል? አንተ ትመጣለህ?»

ባለሱቁ ሳቀና ካርቶኖቹን ሊበረብር ጎንበስ አለ። አሮጊቷ እስኪያገኝላቸው ድረስ በሁለት ጣታቸው መስተዋቱን መምታት ጀመሩ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አይፈጥንም፣ አይዘገይም። የጸሐፊዋ ጀርባ ማንም ሳያዘው ቀጥ አለ። ያንን ድምፅ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላም ያውቀዋል።

«እትዬ ጠቅታ!» ብላ ጮኸችና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ተማሪዎቻቸው ይህን ስም ከጀርባ እንጂ ፊት ለፊት ጠርተውት አያውቁም።

አሮጊቷ ዞር ብለው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «እንዲህ እንደምትሉኝ የማላውቅ መስሎሽ ነው? አንቺ ያቺ የግራ ትንሿ ጣቷ የምትሰንፍባት አይደለሽም?»

«እኔው ነኝ እትዬ። አሁንም ትሰንፋለች።»

«በዚያች ጣት ታዲያ ምን ሥራ ያዝሽ?»

«የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ።»

«ፍርዱ የሚጓተተው ለካ በአንቺ ነው!» አሉና ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት።

እትዬ ጠቅታ ሠላሳ አንድ ዓመት ታይፕ ያስተማሩ ሴት ናቸው። በእርሳቸው ክፍል ተማሪ ፊደሉን እያየ እንዳይመታ እጁ በጨርቅ ይሸፈን ነበር። እርሳቸው በወንበሮቹ መካከል እየተመላለሱ ጠረጴዛውን በማስመሪያ ይመታሉ፤ በአንድ ምት አንድ ፊደል ነው። ከምቱ መቅደምም ሆነ ከምቱ መቅረት የለም። እየፈጠነ የሚንገዳገድ ተማሪ በእርሳቸው ዘንድ ከሰነፍ ይብሳል። «ሩጫውን ለእግርሽ ተዪለት፤ እጅ ይራመድ» ይሉ ነበር። ተማሪዎቹ በምሳ ሰዓት ቢያሟቸውም፣ ፈተና ላይ ሲቀመጡ ግን ያቺ ማስመሪያ በጆሯቸው እየመታች ታሻግራቸዋለች። ኮምፒውተር ሲመጣ ተማሪው እየሳሳ ሄደ፤ በመጨረሻም ክፍሉ ፎቶ ኮፒ ቤት ሆነ። እትዬም አንዲት የጽሕፈት መኪና ይዘው ቤታቸው ገቡ።

ባለሱቁ አቧራ የጠገበ ባለገመድ ኢርፎን አውጥቶ ሰጣቸው፤ ጸሐፊዋም ቻርጀሯን ገዛችና ተማሪና አስተማሪ አብረው ወጡ።

«ለዘፈን ነው እትዬ?»

«ለጌም ነው» አሉ፤ የራስ ምታት ክኒን የገዙ ያህል ቀለል አድርገው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወንድማቸው ልጅ ደህና የቢሮ ሥራውን ትቶ ጌም እሠራለሁ ባለ ጊዜ ከአባቱ ጋር ሆድና ጀርባ ሆኑ። ኮምፒውተሩን ተሸክሞ የመጣው አክስቱ ዘንድ ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ አባቱ ግን እስከ ዛሬ «ያ መጫወቻ የሚሠራው» እያሉ ነው የሚያነሡት። ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም፣ የቀረውንም ብቻውን ነው የሚሠራው። በጌሙ ውስጥ አንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ መዶሻውን ይዞ ጭር ባለ ከተማ ውስጥ ይጓዛል። «ዝገት» የሚባሉ ቀያይ ፍጥረቶች ከየጉራንጉሩ ይወጡበታል። መዶሻው ከከበሮው ምት ጋር እኩል ካረፈ ዝገቱ ይረግፋል። ትንሽ ከቀደመ ወይም ከዘገየ ግን መዶሻው ነጥሮ ይመለስና ተመቺው ራሱ ቀጥቃጩ ይሆናል።

«መጀመሪያ ሲያሳየኝ ‘እኔ ልጅ ነኝ እንዴ?’ አልኩት» አሉ እትዬ። «በሦስተኛው ቀን እርሱ ራሱ ያላለፈውን ስድስተኛ ደረጃ አለፍኩ። ‘አክስቴ፣ ከእጅሽ የተሻለ ሰዓት የለም’ አለኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ ሳልመታው የሚያልፍ ነገር የለም።»

«ደስ ሲል!»

እትዬ ጥቂት ተራመዱ። ከዚያ ቆም አሉ።

«ከሦስት ሳምንት ወዲህ እጄ ከዳኝ፣ የኔ ልጅ። እርሱ ሳያየኝ ስሞክር፣ መዶሻውን ባሳረፍኩ ቁጥር ‘ቸኮልሽ’ ይለኛል። እኔን! ዕድሜዬን ሙሉ ሰው አትቸኩል ስል የኖርኩትን!» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ዓርብ ጌሙ ለዓለም ይወጣል። የመጨረሻውን ደረጃ ተጫወቺልኝ እያለ ይለምነኛል። ከትናንት ወዲያ ዓይኔን አልኩት፣ ትናንት ራሴን አልኩት። እጄ አረጀ ብዬ በየትኛው አፌ ልንገረው? እርሱ ሲወጣ ጠብቄ ልለማመድ ነው ይሄን የገዛሁት። ምናልባት ጆሮዬ ውስጥ ቢገባ ይሻለኛል።»

ጸሐፊዋ ወደ ቢሮ መመለስ ነበረባት፤ ግን አልሆነላትም። ተከትላቸው ሄደች።

ከእትዬ ቤት ጓሮ ያለችው የልጁ መሥሪያ ክፍል በሽቦ ተተብትባለች። የጽሕፈት መኪናዋ ጥግ ላይ ሻሿን ለብሳ ተቀምጣለች። እትዬ ኢርፎኑን ሰክተው ጆሯቸው ውስጥ ከተቱና ኪቦርዱ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ቀጥቃጩ ሄደ፣ ዝገቶቹ መጡ። «ቸኮልሽ። ቸኮልሽ። ቸኮልሽ።»

ጸሐፊዋ ስክሪኑን ትታ ጣቶቹን ነበር የምታየው። «እትዬ፣ እጅዎ ምንም አልሆነም።»

«አታባብይኝ። የማባብል አስተማሪ ነበርኩ እኔ?»

«እንግዲያው እንፈተን» አለች ተማሪዋ፤ ይህን ቃል ለእርሳቸው እናገራለሁ ብላ አስባም አታውቅ። «ለግድግዳው ሰዓት ጀርባዎን ይስጡት። በሰከንድ አንድ ምት፣ እስከ ስልሳ።»

እትዬ ዞሩ። ጠረጴዛው ይመታ ጀመር፤ ጸሐፊዋም ትንፋሿን ይዛ ቀጭኗን የሰዓት ዘንግ ተከተለች። ስልሳኛው ምትና ዘንጓ አሥራ ሁለት ላይ እኩል ደረሱ።

«ታዲያ ይሄ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ምን ነክቶት ነው?» አሉ እትዬ፣ ግማሽ ደስታ ግማሽ ቁጣ ይዟቸው።

በዚህ መሐል የወንድማቸው ልጅ ትልቅ ብሉቱዝ ሄድፎን ጆሮው ላይ ደፍቶ ገባ። «አክስቴ! ራስሽን አሞሽ አልነበር?»

«አላመመኝም፣ ዋሽቼህ ነው። ጌምህ ቸኮልሽ ይለኛል፤ እጄ ያረጀ መስሎኝ አፍሬ ነው።»

«ጌሙ ደህና ነው» አለ ፈጠን ብሎ። «ትናንት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሄጄበታለሁ። እዪ።» ጎንበስ ብሎ ሄድፎኑን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘና ተቀመጠ። መዶሻው ወረደ፤ «ልክ። ልክ። ልክ።» ዝገቱ እንደ ገለባ ረገፈ። የእትዬ ፊትም አብሮ ረገፈ።

ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ጣት ሲያይ የኖረ ዓይን ሥራውን አይተውም። ስክሪኑ ላይ ያለው ከበሮ በተመታ ቁጥር ብልጭ ይላል። የልጁ ጣት የሚወድቀው ብልጭታው ካለፈ በኋላ ነው፤ ጥቂት ብቻ ዘግይቶ፣ ግን ሁልጊዜ።

«አንተ፣ ይሄን ጆሮህ ላይ የደፋኸውን መቼ ነው የገዛኸው?»

«ሦስት ሳምንት...» አለና ሄድፎኑን በእጁ ዳሰሰ።

«አውልቀውና በስፒከሩ ተጫወት።»

አወለቀው። ተጫወተ። ለአክስቱ ብሎ በሴት አንቀጽ የጻፈው ጌም እርሱንም አልማረውም። «ቸኮልሽ። ቸኮልሽ። ቸኮልሽ።»

ልጁ ወለሉ ላይ ዘርፈጥ አለ። ያለ ገመድ የሚመጣ ድምፅ ጆሮ ውስጥ የሚደርሰው አንድ አምስተኛ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነበር። እርሱ ግን ጌሙ «ዘገየሽ» ሲለው የተበላሸ መስሎት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እየለፋ፣ በአሥራ አንዱም ደረጃዎች መዶሻው «ልክ» የሚባልበትን ጊዜ አንድ በአንድ አዘግይቷል። ደህናውን ከበሮ በሚዘገይ ጆሮ አርሞታል!

«ለምን አልነገርሽኝም አክስቴ?»

«አንተስ ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ጌሙ ያስጠላሽ መስሎኝ ነዋ! ዓይኔን ስትዪ፣ ራሴን ስትዪ፣ አባቴ ትክክል ነው አልኩ።»

«ሞኝ!» አሉ እትዬ፤ እጃቸው ግን ፀጉሩን እያሻሸ ነበር። «ሁለት ሞኝ በአንድ ቤት! አንዱ ሲሸሽግ ሌላው ሲፈራ።»

ጸሐፊዋ ሳቋ አመለጣት፤ እነርሱም ተከተሏት።

ልጁ ሲረጋጋ ድሮ ያስቀመጠውን የመጀመሪያውን ደረጃ ቅጂ ፈልጎ አወጣ፤ የቀሩት ግን በየጊዜው ሌላ ነገር ስለተጨመረባቸው አንድ በአንድ መታረም አለባቸው። «ለዓርብ አይደርስም» አለ። «አንድ ሳምንት ላራዝመው ነው። የሚጠብቁት ሰዎች ይጮሁብኛል።»

«ይጩሁ። ተንገዳግደህ ከምትወጣ ተሰድበህ ብትቆይ ይሻላል።»

እትዬ ተቀመጡ። ከበሮው ተመታ፣ መዶሻው ወረደ። «ልክ። ልክ። ልክ። ልክ።» ከዚያ አንድ ጊዜ «ዘገየሽ» አለ። ይህ የሄድፎኑ ጥፋት አልነበረም፤ ሦስቱም ያውቁታል። እትዬ ጣታቸውን አንሥተው ትንሽ አዩት፣ መልሰው አሳረፉትና ቀጠሉ። «ልክ። ልክ።»

ጸሐፊዋ የቢሮው ሰዓት እንዳለፈባት ያስታወሰችው ያኔ ነው። ቦርሳዋን አንሥታ ጎንበስ ብላ ጉንጫቸውን ሳመች።

«እየመጣሁ አይዎታለሁ እትዬ። ጠፍቼ አልቀርም።»

እትዬ ጠቅታ ከስክሪኑ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ መለሱላት፦

«እጄ ያረጀ ቀን ራሴው ልኬ አስጠራሻለሁ። ዛሬ ግን ሥራ ላይ ነኝ፤ በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊልኝ።»