ያልተጠቀለለው ፍራሽ

የኮሌጁን ክርስቲያን ተማሪዎች የምታገለግለውን ሴት «እትዬ ነገ» ይሏታል፤ ልጅ ሳይወለድ ስም የምታወጣ ዓይነት ናት። ክረምት ላይ ተማሪው ወደየቤቱ ሲበተን፣ የሴቶቹ መኝታ ክፍሎች ትገባና ፍራሹ በተጠቀለለበት ባዶ አልጋ ሁሉ እየተቀመጠች፣ ዓይኗን ጨፍና በመስከረም ለምትመጣው ልጅ ትጸልያለች። አንዷ ሻንጣዋን ስትጎትት፣ ሌላዋ እናቷ ናፍቃት ስታለቅስ ወለል ብሎ ይታያታል።

ዘንድሮም እንደ ሕልም ከአልጋ አልጋ ስትሻገር፣ ጥግ ካለው ያልተጠቀለለ ፍራሽ ላይ አንዲት ልጅ ቀና አለች።

«የኔ እመቤት፣ መቼ መጣሽ?»

«አልመጣሁም። መሄጃ ስለሌለኝ ሁሌም እዚሁ ነው የምከርመው። አምናም ከግድግዳው ማዶ ባለው ክፍል ሲጸልዩ ሰምቼዎታለሁ።»

እትዬ ነገ ክው አለች። «ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ፣ ልጄ?»

«ለሚመጡት ነበራ የሚጸልዩት።»