የማታስጮኸው ወጌሻ

ሰፈርተኛው «ድጋሚ ልለካህ» ብሎ ይጠራታል። ልብስ ሰፊ ናት፤ አንዴ ለክታ የሸኘችው ደንበኛ የለም። ሰውየው ሊወጣ በሩን ሲይዝ «ቆይማ፣ ድጋሚ ልለካህ» ትለዋለች። ሜትሯን ራሱ አታምነውም። ጠዋት ሌላው ሰው ጫማውን ሲፈልግ፣ እሷ መርፌ እንዳይወጋት አውራ ጣቷ ላይ የምታጠልቃትን ብረት ትፈልጋለች፤ ካጠለቀቻት በኋላ እስክትተኛ ትረሳታለች። እንግዲህ ይህቺ ሴት ናት አንድ ልጇን ለሰው እጅ አሳልፈሽ ስጪ የተባለችው። ጉድ እኮ ነው!

ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው። ስትወለድ አየር አጥሯት አንጎሏ ስለተጎዳ እግሮቿ ይወጠራሉ፤ ደግፈው ሲያቆሟት በጣቶቿ ጫፍ ነው የምትቆመው፣ ተረከዟ መሬት አይነካም። አፏ ግን ለሦስት ሰው ይበቃል! ሐኪሙ ሦስት ወር ሰጣቸው። «እየታሸች፣ እግሯ እየተዘረጋ ትቆይ። ተረከዟ ካልወረደ ጅማቷን በቀዶ ጥገና እናረዝመዋለን» አለ። እናት ከዚህ ሁሉ ንግግር የሰማችው ምላጩን ብቻ ነው።

ልጅቷን የምታሻትን ባለሙያ ሌላው ሰው «ፊዚዮቴራፒስት» ይላታል፤ እናት ግን «ወጌሻዋ» ነው የምትላት። እሷ የምታውቀው ወጌሻ ደግሞ ይጎትታል፣ ይጫናል፣ ያስጮሃል። ይቺኛዋ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «እህቴ፣ ውጪ ብትጠብቂን ይሻላል። አንቺን ስታይ ትወጠራለች» አለቻት።

«እኔን? እናቷን?»

«አዎ፣ አንቺን።»

ነገር አለ አለች በሆዷ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የክሊኒኩ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን ትቀስራለች። ጩኸት የለም። ሳቅ ይሰማል፣ ከዚያ ደግሞ ጸጥ ይላል። ምን አጠጥታት ይሆን? ልጅቷ ስትወጣ አፏን ታሸታለች፣ ዓይኗን ገልጣ ታያለች። አንድ ቀን አላስችል አላትና በበሩ ስንጥቅ አጮለቀች። ወጌሻዋ የልጅቷን ጉልበት በአንድ እጇ ደግፋ፣ ተረከዟን በሌላው መዳፏ ይዛ ዝም ብላ ተቀምጣለች! አትጎትት፣ አትጫን። ስለ አንዲት ሰነፍ ድመት እያወራችላት ነው። የእናት ደም ፈላ።

«አሃ! ለካ ልጄን ይዛ ተረት ነው የምታወራው!»

እሷ ያልሠራችውን እኔ እሠራዋለሁ ብላ ቆርጣ ተነሳች። ጠዋት ጠዋት ሱቋን ከመክፈቷ በፊት ልጅቷን አልጋ ላይ ታጋድምና፣ የተኮማተረ ሱፍ በካውያ እንደምትዘረጋ እግሯን ትስብ ጀመር። ልጅቷ ትጮሃለች። «ቻይው የኔ ማር፣ ላንቺው ብዬ ነው» ትላለች። ልቧ ይረካል፤ ጩኸት ካለ ሥራ አለ ማለት ነዋ! ተረከዙ ግን ጭራሽ ወደ ላይ ሸሸ።

ወጌሻዋም ልብ አለች። «ቤት ውስጥ እግሯን የሚነካ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች። «ድንገት ሲጎትቱት ጡንቻው ይደነግጣል፤ የባሰውን ይቋጠራል። ቀስ ብሎ ይዞ፣ እስኪላላ መጠበቅ ነው ያለው።»

«ማን ይነካታል? ከኔ ሌላ ማን አላት?» አለች እናት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

በማግስቱ እናት ስታጥባት የልጅቷ ባት ላይ የበለዘ ምልክት አየች። ክብ ነው፣ ልክ እንደ ቀለበት።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ?»

ያቺ ወሬኛ ጭጭ አለች። ወጌሻዋ አስፈራርታት ነው አለች እናት፤ ልጇን አዝላ ወደ ክሊኒኩ በረረች። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው እያየ «በምንድነው እንዲህ ያደረግሻት?» ብላ አምባረቀች። ወጌሻዋ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። ጥፍሯ ተከርክሟል፣ ቀለበት የለም። «ምንም አላደረግኳትም» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። የክሊኒኩ ኃላፊ ነገሩ እስኪጣራ ሌላ ሰው ይያዛት አለ። ሌላ ሰው ግን አልነበረም። ለሐኪሙ ቀጠሮ የቀሩት አሥራ ስድስት ቀናት ናቸው።

በአምስተኛው ቀን እናት ወፍራም ካፖርት በእጇ ስትሰፋ ደከማትና ጉንጯን በእጇ ደግፋ አረፍ አለች። ካፖርቱን ሊወስድ የመጣው ደንበኛ አይቷት ሳቀ።

«ፊትሽ ላይ ማህተም የመታብሽ ማነው?»

ወደ መለኪያው መስታወት ዞረች። ክብ ነው፣ ልክ እንደ ቀለበት። ክው አለች።

ሱቁን ዘጋች። ቤት ገብታ የልጅቷ ባት ላይ የቀረውን ምልክት በሜትር ለካችው፤ ከዚያ የአውራ ጣቷን ብረት አፍ ለካች። ድጋሚ ለካችው። አንድ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

«ነግሬሻለሁ እኮ እማዬ» አለች ልጅቷ። «ጮኼ ነገርኩሽ።»

እናት መሬት ላይ ተቀመጠች። አልቅሳ አልወጣላትም። በማግስቱ ኃላፊው ፊት ቀርባ «እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ ነው» አለች። ወጌሻዋ የክፍሏን አረንጓዴ በር ከፍታ «ዛሬ አንቺም ግቢ» አለቻት።

«አሥር ቀን ነው የቀረን» አለች ወጌሻዋ። «ይወርዳል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ቤት ውስጥ የምትይዣት ግን አንቺ ነሽ፤ እጅሽን ከፈራችው እኔ ምንም ላደርግ አልችልም። መዳፍሽን ከተረከዟ ሥር አድርጊ። እንዳትስቢ።»

እናት እጇን ስትዘረጋ እግሩ ግትር አለ።

«ቆይ!» አለች ልጅቷ። «ጣቶችሽን አሳዪኝ።»

እናት አሳየቻት። ልጅቷ አንድ በአንድ ነካካቻቸው፤ አውራ ጣቷን ገለበጠችው፣ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ብረት የለም። ቀና ብላ እናቷን አየቻት።

«ድጋሚ» አለች።

እናት እጆቿን ድጋሚ ዘረጋች።