ሃያ በመቶ የሚባለው ሰው

ሰውዬው ፋርማሲስት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ከመስታወት ጀርባ ቆሞ፣ ለሰው ኪኒን ሲቆጥር ኖሮ ጡረታ ወጣ። ጋውኑን ግን አላወለቀም። አሁን የሚለብሰው ጓሮው ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ለአሻንጉሊት አውሮፕላን ነዳጅ ሲቀምም ነው። «አሻንጉሊት» ማለቴን ቢሰማ አንድ ወር ያኮርፈኛል። እሱ «ሞዴል» ነው የሚለው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከከተማው ዳር፣ ሥራ ባቆመ የጡብ ፋብሪካ ሜዳ ላይ፣ እሁድ እሁድ ጠዋት እየተሰበሰብን ሞዴል አውሮፕላን የምናበርር ዘጠኝ ሰዎች አለን። አብዛኞቻችን የልጅ ልጅ አይተናል። ሚስቶቻችን ስለ እኛ ምን እንደሚባባሉ እናውቃለን፤ ብንክደው ደስ ባለን።

ፋርማሲስቱ የማኅበራችን የነዳጅ ኃላፊ ነበር። ሹመቱ ቀላል አይምሰላችሁ። ሞተሮቻችን ባለ አራት ምት ናቸው፤ ትልቋ ሞተር ቡጢ ብታክል ነው። የመኪና ሞተር ዘይቱ ከሥሩ ለብቻው ይጠራቀምለታል፤ የእኛዋ ግን የምታገኘው ዘይት ከምትጠጣው ነዳጅ ጋር የተቀላቀለው ብቻ ነው። ነዳጁ ሜታኖል ነው፤ ጉልበት እንዲሰጣት ትንሽ ናይትሮ ይገባበታል፤ ቀሪው ዘይት ነው፣ ከፊሉ የጉሎ፣ ከፊሉ የፋብሪካ። ዘይቱ ካነሰ ፒስተኑ ደርቆ ይጣበቃል፣ ኩሽኔታው ይበላል። ከበዛ ደግሞ ካንዴላው ይታፈናል፣ የጉሎው ዘይት ቫልቩ ላይ እንደ ሙጫ ይጋገራል። ስለዚህ ጥያቄው «ዘይቱ ስንት ይሁን?» ነው። ፖለቲካ ያልለያያቸውን ሰዎች ይህ ጥያቄ ሲለያያቸው በዓይኔ አይቻለሁ።

የፋርማሲስቱ መልስ አንድ ነበር፤ ሃያ በመቶ። አፉን ሞልቶ ነበር የሚናገረው። እንደምን አደርክ ብትለው በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ሃያ በመቶ ላይ ያደርስሃል። ስለ ጉልበት ሕመምህ ብታማክረው የመገጣጠሚያ ፈሳሽን አንስቶ ወደዚያው ይመጣል። ስሙ ራሱ ሃያ በመቶ ሆኖ ቀረ፤ እሱም አልተቆጣም፣ እንደ ማዕረግ ነበር የተቀበለው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጋውኑን ለብሶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ጡረታ ሲወጣ ከመሥሪያ ቤቱ በሽልማት ያገኘውን የመድኃኒት ሚዛን ይከፍታል። ትንኝ ቢያርፍበት የሚያውቅ ሚዛን ነው። ሁለት መቶ ግራም ዘይት፣ ሃምሳ ግራም ናይትሮ፣ ሰባት መቶ ሃምሳ ግራም ሜታኖል። እኛ ጣሳችንን ይዘን በር ላይ እንሰለፋለን። አንድም ሰው አንድም ቀን ምንም ጠይቆት አያውቅም፤ ነጭ ጋውን ከለበሰ ሰው ጋር ማን ይከራከራል?

አንድ ሰው ተከራክሮ ነበር። እሱም የፋርማሲስቱ ሚስት ወንድም ነው። ቶርኖ ቤት አለው፤ ብረት ሲያሽከረክር የኖረ ሰው ስለሆነ የሞተር ሆድ ያውቃል። ባለ ቶርኖው የሚለው አሥራ ሰባት በመቶ ነበር። መስመር ባለው የመስታወት ቱቦ ለክቶ፣ አሥራ ሰባት እጅ ዘይት አድርጎ፣ ነዳጁን ለብቻው ይቀምማል። ሞተሩም እንደ ሰዓት ትሠራለች። ነገሩ ለሁለት ዓመት በቀልድ ቆየ። ከዚያ ከመካከላችን አንዱ፣ የታክሲ ሹፌሩ፣ ከባለ ቶርኖው ነዳጅ ተውሶ ሲያበርር ሞተሩ አየር ላይ ቀጥ አለና አውሮፕላኑ ፋብሪካው ጣሪያ ላይ ተከሰከሰ። ሞተሩ ሲከፈት ኩሽኔታው ዝጎ ነበር፤ ሹፌሩ ክረምቱን ሙሉ አልጋ ሥር ወርውሮት እንደ ከረመ ሁላችንም እናውቃለን። ሃያ በመቶ ግን ኩሽኔታውን በመቆንጠጫ አንስቶ «የጎደለው ሦስት በመቶ ነው የገደለው» ብሎ ፈረደ። ያኔውኑ ስብሰባ ተጠራ፣ ድምፅ ተሰጠ፣ ባለ ቶርኖው ከማኅበሩ ተባረረ። እኔም እጄን አንስቻለሁ። ለምን እንዳነሣሁ ዛሬም አላውቅም፤ ከጎኔ የነበረው ሰው አነሣ፣ እኔም አነሣሁ።

ይህ ከሆነ አራት ዓመት ሞላው። ባለ ቶርኖው ከዚያ ወዲህ የሚያበርረው ሜዳው ወዲያኛው ጫፍ ላይ፣ ብቻውን ነው። የእህቱንም ቤት ደጃፍ አልረገጠም። እህቱ ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ወንድሟን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሌላ ወንድም የላትም። አራት ዓመት ሙሉ የምታየው ቶርኖ ቤቱ ድረስ ሄዳ፣ የብረት ብናኝ መሐል ቆማ ነው። ስትመለስ ለባሏ ምሳውን ታቀርብለታለች እንጂ አታዋራውም።

ዘንድሮ ደግሞ ባለ ቶርኖው ቶርኖ ቤቱን ሸጦ፣ ሴት ልጁ ወዳለችበት ሩቅ ከተማ ሊሄድ መሆኑ ተሰማ። የቀረው ሦስት ሳምንት ነበር። እህቱ ለባሏ ለፋርማሲስቱ «ወንድሜ ይህን ቤት ሳይረግጥ ከሄደ እኔና አንተ እንዴት እንደምንኖር አላውቅም» አለችው። እሱም «አሥራ ሰባቱን ይተዋ፣ እኔ ምን ቸገረኝ» አለ። ይህን ያለው በቀልድ አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ሚዛኑ ሞተ። ቀጥሎ የሆነውን የነገረችኝ የፋርማሲስቱ ሚስት ራሷ ናት፤ ስትነግረኝም ጣፍጧት ነው።

«ሚዛኑ አልሠራም አለ» ብሎ ኩሽና ገባ፣ ከነጋውኑ።

«ባትሪውን ቀይረው።»

«ቀየርኩት። የሞተው ባትሪው አይደለም።»

«እንግዲያው በጆግ ለካ» አለችውና የኩሽናውን መለኪያ ጆግ ሰጠችው።

ሃያ በመቶን በጆግ ለካ ማለት ስድብ ነው። ግን ነገ እሁድ ነው፤ ስምንት ሰው ነዳጅ ይጠብቃል። ጆጉን ተቀብሎ ዘይቱን እስከ ሁለት መቶው መስመር ሞላ፤ የቅመማውን ደብተርም እንድታነብለት ሰጣት።

«ይኼ ግራም ነው የሚለው» አለች።

«እና?»

«አንተ የሞላኸው በሚሊ ሊትር ነዋ።»

«ያው ነው።»

የሒሳብ አስተማሪ ፊት «ያው ነው» አይባልም። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደች።

«አንድ ሊትር ሜታኖል ስንት ይመዝናል?»

«ሰባት መቶ ዘጠና ግራም» አላት ሳያስብ።

«ዘይቱስ?»

«ዘጠኝ መቶ ሰባ አካ...» ብሎ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

እሷ ከግድግዳው ላይ ያለፈውን ወር ቀን መቁጠሪያ ገንጥላ ጀርባውን ወደ ላይ አደረገችና እርሳስ አነሣች። «የሞተሩ መመሪያ ስንት በመቶ ሲል በክብደት ነው ወይስ በሚሊ ሊትር፣ በይዘት?»

መመሪያውን አመጣ። አሥራ አምስት ዓመት በፕላስቲክ ሸፍኖ ያኖረው መጽሔት ነው። ከሰንጠረዡ ሥር፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል፣ ቁጥሮቹ ሁሉ በይዘት መሆናቸው ተጽፏል። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ መድኃኒት በግራም ሲመዝን ስለኖረ ዓለም የሚለካው በግራም ይመስለው ነበር። እሷ አካፈለች፣ ደመረች፣ እንደገና አካፈለች።

«አሥራ ሰባት ነጥብ ሁለት» አለች።

እሱ ጆጉን አንስቶ መስመሩን እንደገና አየ።

«ወንድሜ ስንት ነበር ያለው?»

መመሪያውን መልሶ ፕላስቲኩ ውስጥ ከተተ።

«ስንት ነበር ያለው ነው የምልህ?»

«አሥራ ሰባት።»

መጀመሪያ ሳቀች። ወንበር ይዛ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቁ ሳያልቅ ዕንባዋ መጣ። «አራት ዓመት!» አለችው። «አራት ዓመት ሙሉ የእሱኑ ነዳጅ እየቀመምክ ነው ወንድሜን ከቤቴ ያስቀረኸው!»

«ሄጄ ለብቻው እነግረዋለሁ። ወይም በደብዳቤ...»

«በአፍህ! ነገ፣ ሁሉም ባሉበት፣ ባባረርክበት ቦታ።»

በማግስቱ ሜዳው ላይ ጋውኑን ለብሶ መጣ። አዲስ አዋጅ ሊወጣ ነው ብለን ዙሪያውን ከበብነው። ቀን መቁጠሪያውን ዘርግቶ ሁሉንም ነገር አንድ በአንድ አስረዳን። ክብደት ምን እንደሆነ፣ ይዘት ምን እንደሆነ፣ ሜታኖል እንዴት ቀላል እንደሆነ ነገረን። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። እውነቱን ለመናገር አሳዘነኝ፤ ይህን መናገር ምን ያህል ወኔ እንደሚጠይቅ ገባኝ።

ሊቀ መንበራችን ጡረታ የወጣ ትራፊክ ፖሊስ ነው። እጁን እንደ ድሮው ዘረጋ።

«ቆይ። አሁን የምትለን ሃያ ሃያ አይደለም ነው?»

«በክብደት ሃያ ነው፤ ግን...»

«ሃያ ነው ካልክ አበቃ።»

«በይዘት አሥራ ሰባት ነው! አሥራ ሰባት ነው ስትጠጡ የኖራችሁት!»

«እኔ እንኳ አልጠጣሁም» አለ የታክሲ ሹፌሩ። «የእኔ ሞተር ሃያ ነው የምትጠጣው። ድምፅዋ ይለያል። ሃያውን በጆሮዬ ነው የምሰማው።»

«እኔ ራሴ እኮ ነኝ የቀመምኩት!»

«ሚስቱ ናት ይህን ያስባለችው» አለ አንዱ ከኋላ። «ወንድሟ ሊሄድባት ነው።» ይህ ለሁላችንም በቂ ማስረጃ ሆነ። ሰውዬው ወረቀቱን ከአንዱ አፍንጫ ወደ ሌላው አፍንጫ ሲያዞር ማንም አላየለትም። እሱ ራሱ በደንብ አድርጎ አስተምሮን የለ? ሃያን የሚነካ ሰው ሞተር ገዳይ መሆኑን ከእሱ በላይ ማን ነገረን?

ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ጠራ። የተጠራው እዚያው ቆመን ሳለ ነው። ሃያ በመቶ «ሃያ በመቶን በመካዱ» ከኃላፊነቱ ወረደ። በምትኩ እኔ ተመረጥኩ። «ይኼ ሰውዬ ሜትር ከአንገቱ አያወርድም፤ መለካት ያውቃል» አሉ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። በዕድሜዬ ለምንም ነገር ተመርጬ አላውቅም ነበር። እዚያው ሊቀ መንበሩ «እውነተኛው ሃያ» እንዲሆን ብሎ ጣሳው ላይ ዘይት አከለበት። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳለች፣ ነጭ ጭስ ተፋችና ሳትነሣ ጠፋች። ፋርማሲስቱ «ካከልክበት ነዳጅ የሚያስገባውን መርፌ ክፈተው እንጂ!» ብሎ ጮኸ። «አንተን ማን ጠየቀህ?» አለው ሊቀ መንበሩ።

ፋርማሲስቱ ታጣፊ ወንበሩን አነሣና ወደ ሜዳው ወዲያኛው ጫፍ መራመድ ጀመረ። የነዳጅ ሣጥኑን ቁልፍ መቀበል ስለነበረብኝ ተከተልኩት። መንገድ ላይ ቁልፉን እጄ ላይ አኖረልኝ። ያኔ መመለስ እችል ነበር፤ አልተመለስኩም።

ባለ ቶርኖው ክንፍ እየወለወለ ነበር።

«አሥራ ሰባት ነበር» አለው ፋርማሲስቱ፣ ገና ሳይደርስ። «የእኔም አሥራ ሰባት ነበር። በግራም እየለካሁ...»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ባባረራችሁኝ በሳምንቱ ግማሽ ጠርሙስ ነዳጅ ረስታችሁ ሄዳችሁ። በእኔ ሞተር ሞከርኩት። ነዳጁ ቢለይ የሞተሩን መርፌ ማዞር ነበረብኝ፤ ቅንጣት አላዞርኩም፣ ያው የእኔው ነዳጅ ነው።»

«አራት ዓመት እያወቅህ ዝም አልክ?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር? ሒሳብህን ታርም ነበር።»

«እኮ!»

«እኮ ምን?» አለና ጨርቁን አስቀመጠ። «እኔ ያዘንኩት በሒሳብህ መሰለህ? ስታገባ ከጎንህ የቆምኩ ሰው ነኝ። ኩላሊትህን ስትታመም ሌሊት ሌሊት አጠገብህ ያደርኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሰባት ቢሆን፣ ሃያ ቢሆን፣ ሞተሩንም እኔ ገድዬው ቢሆን፣ እጅ አስነሥተህ ታባርረኛለህ? እጁን ስትቆጥር ቀና ብለህ እንኳ አላየኸኝም።»

ፋርማሲስቱ ወረቀቱን ዘረጋ። «የመለኪያው ነገር...» ብሎ ጀመረና አቆመ። ወረቀቱን መልሶ አጠፈው።

«አዋረድኩህ» አለ። «ትክክል ባትሆን ኖሮም ማድረግ አልነበረብኝም።»

ሰውዬውን ካወቅሁት ጀምሮ ቁጥር የሌለበት ነገር ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ባለ ቶርኖው አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

«እህቴ ቤት ናት?»

«ናት። ከጠዋት ጀምራ መስኮት ላይ ናት።»

ክንፉን ይፈታ ጀመር፤ ፋርማሲስቱም ጋውኑን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለና ሌላኛውን ጫፍ ያዘለት። ደስ አለኝ። ልሄድ ስል ባለ ቶርኖው ዞረ።

«አንተስ?» አለኝ። «አንተም እኮ እጅህን አንስተህ ነበር።»

ይቅርታ ልለው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ከወዲያ ሊቀ መንበሩ «የነዳጅ ኃላፊ!» ብሎ ተጣራ፤ እኔም ቁልፉን ጨብጬ፣ ቀና ብዬ ሳላየው፣ ወደ ተጠራሁበት ሄድኩ።