ባዶው ቆጠራ

ቡታጅራ ውስጥ ከልብስ ስፌት ቤቴ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል ናዝራዊት የእንቁላል መፈልፈያ ሳጥን ትሠራለች። የሳጥኑን ሙቀት የሚቆጣጠረው ጥፍር የሚያህል ቺፕ ነው፤ ፕሮግራሙን የምትጽፈውም እሷው። አንድ አመል አላት፤ አዲስ ሳጥን ሥራ ሲጀምር የመስታወት ቴርሞሜትር አስገብታ፣ በርጩማ ስባ፣ ከጎኑ ትቀመጣለች። ባሏ አምሀ በዚህ ይበግናል።

"ደግሞ ሥራ ፈትተሽ ተጎለትሽ?" ይላታል።

ባለፈው ክረምት ፈንግል የጎረቤታችንን የእማማ ባሂራን ዶሮዎች ጠራርጎ ፈጀ። የቀራቸው፣ ዶሮዎቹ ከመታመማቸው በፊት የጣሉት አንድ ቅርጫት እንቁላል ብቻ ነበር።

"በአላህ ይዤሻለሁ ልጄ፣ ዘራቸው አይጥፋብኝ" አሏት ቅርጫቱን ለናዝራዊት ይዘው መጥተው።

እንቁላል ደግሞ ብዙ አይቆይም። ናዝራዊት መብራት ሲጠፋ የሚጮህ ደወል ስትጨምርበት ፕሮግራሙ በዛና ቺፑ አልበቃው አለ። ስለዚህ ኮምፓይለሯን፣ ማለትም የጻፈችውን ቺፑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚለውጥላትን ሶፍትዌር፣ በሌላ ቀየረች። አዲሱ "አሳንስ" ሲሉት ትርፍ የመሰለውን ሁሉ ይቆርጣል። ፕሮግራሙ ቺፑ ውስጥ ተጠቃሎ ገባላት። እንቁላሎቹን ደርድራ እንደ አመሏ ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ጩኸቷን ሰምቼ ሮጥኩ። የሳጥኑ ስክሪን ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ይላል፤ ቴርሞሜትሩ ግን ጽንስ የሚገድለውን አርባን ሊነካ ነው። ሶኬቱን ነቅላ በሩን ከፍታዋለች።

ስትረጋጋ ጥፋቱን አገኘችው። እንዳስረዳችኝ ከሆነ የሙቀት መለኪያው ከነቃ በኋላ ለመዘጋጀት ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። ለዚያ ብላ መለኪያው እስኪዘጋጅ ድረስ ቺፑ ዝም ብሎ እንዲቆጥር አዝዛ ነበር። ኮምፓይለሩ ቆጠራው ለምንም ሲውል ስላላየ ቆርጦ ጣለው፤ መለኪያውም ሳይዘጋጅ እየተጠየቀ የተሳሳተ ቁጥር ሰጠ። ለስፌት የተውኩትን ጠርዝ ትርፍ ነው ብሎ የሚቆርጥ ጀማሪ ሰፊ አውቃለሁ፤ ያው ነው።

"ኮምፓይለሩም እንዳንተው ነው" አለችው ሊያይ የመጣውን አምሀን። "የሚጠብቅ ሁሉ ሥራ የፈታ ይመስለዋል።"



ኮምፓይለሩን አልተወችውም፤ ቆጠራውን ግን እንዳይነካባት አድርጋ ደግማ ጻፈችው። እንቁላሎቹ ይትረፉ አይትረፉ የሚያውቅ አልነበረም። እማማ ባሂራ በየቀኑ እየመጡ ሳጥኑን በመዳፋቸው ዳብሰው ይሄዳሉ። እሳቸውን ማየት ከበደኝ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ጎራ ብል በርጩማው ላይ የተጎለተው አምሀ ነው፤ ሳጥኑ ላይ አፍጥጧል።

"ምን እየሠራህ ነው?" አልኩት።

"ዝም በል" አለኝ በሹክሹክታ። "አንዱ ጫጩት ቅርፊቱን እየወጋ ነው።"