በሬሳ ሣጥን የመጣ ምረቃ

የሰፈሩ ሰው ሜትሩ ይለዋል። ሥራው የሬሳ ሣጥን መሥራት ስለሆነ ሰው ባየ ቁጥር ሳያስበው ከእግር ጥፍር እስከ ራስ ፀጉር ይለካል። ሰላም ሲሉት ዓይኑ ከጫማ ይነሣና ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ መንገድ ላይ የሚያገኙት ሰዎች ጉልበታቸውን ሸብረክ፣ ትከሻቸውን ሰብሰብ አድርገው ነው የሚያልፉት። ክፋት የለውም፤ ዓይኑ ለምዶበት ነው።

ከእንጨት ቀጥሎ የሚወደው የተበላሸ የኤሌክትሪክ ዕቃ መፈታታት ነው። መልሶ ሲገጥም ሁልጊዜ ሁለት ብሎን ይተርፈዋል። የሣጥኖቹን ገበር የምትሰፋው ሚስቱ የተረፉትን ብሎኖች በቆርቆሮ ታጠራቅማለች፤ "አንድ ቀን ከነዚህ ሌላ ፍሪጅ ይወጣል" ትላለች።

ነገሩ የጀመረው በአማቱ ነው። አማቱ ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ በዋሉበት ወቅት፣ የሚስቱ ወንድም ዳቦ ጋጋሪው ልጁን ሌላ ከተማ ሄዶ አስመረቀ። አያት መሄድ ስላልቻሉ ቪዲዮውን በስልኩ ይዞላቸው መጣ። እሳቸው ስልኩን አቀረቡት፣ አራቁት፣ እንደገና አቀረቡትና፣ "ጉንዳኖቹ ደስ ብሏቸዋል። የኔዋ የቷ ናት?" አሉ።

ሜትሩ ስልኩን ከእጃቸው ተቀበለ። "እማማ፣ እኔ ግድግዳ የሚያህል አድርጌ አሳይዎታለሁ" አለ። ሚስቱ ክንዱን ቆነጠጠችው፤ ግን ቃሉ ካፉ ወጥቷል።

የአሮጌ ኮምፒውተር ስክሪን ፈታ፤ የጀርባውን ሽፋን ገፎ ብርሃን የሚያሳልፈውን መስታወት ብቻ አስቀረ። ከኋላው ኃይለኛ አምፖል አበራ፣ ከፊቱ ሳህን የሚያህል ማጉያ ሌንስ አቆመ። ሦስት ሳምንት ታግሎ ከሱቁ ግድግዳ ላይ ምስል ወጣለት። ያስቸገረው ኮምፒውተሩ ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጦ በአራት ገመድ ነው የተያያዘው፤ ሚስቱ ገበር ታቅፋ ባለፈች ቁጥር እግሯ ገመድ ይጎትትና ምስሉ ድርግም ይላል። አምስተኛው ጊዜ ላይ ልትወድቅ ትንሽ ቀራት።

"አንተ ሰው፣ ኮምፒውተሩንም እዚያው ውስጥ ክተተውና እንደ ሰው እንራመድ" አለች።

ሜትሩ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ግን አምፖሉ፣ መስታወቱ፣ ሌንሱ፣ ኮምፒውተሩ፣ መብራት ሲጠፋ የሚደርስለት ባትሪና ሁለት ማራገቢያ የሚያስገባ፣ ረጅም፣ ጠባብ፣ ብርሃን የማያፈስ ሣጥን ከየት ይመጣል? ቀና ሲል ከግድግዳው ጥግ የቆመውን አየ። ባለፈው ዓመት የአንድ ጡረተኛ ሾፌር ልጆች አባታቸው አበቃላቸው ብለው አጣድፈው ያሠሩት ነው። ሰውየው በሦስተኛው ቀን ተነሥተው ሾርባ አምጡ አሉ። ሣጥኑ በቫርኒሽ እንዳብረቀረቀ ቀረ።

"ይሄማ ለዚሁ የተሠራ ነው" አለ ሜትሩ።

"ለሌላ ነው የተሠራው" አለች ሚስቱ።

ቪዲዮውን የጫነበትን ኮምፒውተር በራስጌ በኩል ቸነከረው፤ ሌንሱን በግርጌ በኩል ክብ ቀዳዳ ቆርጦ ገጠመው። ሁለት ብሎን ተረፈው። ለሚስቱ ሳይነግር ኪሱ ከተተ።

እሑድ ከሰዓት ሚስቱ ለመስኮት መጋረጃ የሚሆን ብርድ ልብስ ይዛ ወደ እናቷ ቀደመች። ሜትሩ ታክሲ ለመነ፤ ሣጥኑን ያየ ሾፌር ሁሉ መኪናውን አሁን እንዳጠበ ትዝ ይለዋል። በመጨረሻ እሱና ዳቦ ጋጋሪው ተሸክመውት ወጡ።

የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ ከበሯ ላይ ቆማ፣ "ለማን ነው?" አለች።

"ለአማቴ" አለ ሜትሩ እያለከለከ።

"መቼ?"

"ዛሬ። አሁን።"

"ምን አገኛቸው?"

"ዳሌያቸው ነዋ።"

ሴትዮዋ በሯን ቆልፋ፣ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ከኋላ ተከተለች። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ዳቦ ጋጋሪው ላቡ ፊቱ ላይ ይወርዳል፤ ሰዎች ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ በርታ ይሉታል።

"ከባድ ነው" አለ እሱ።

"እንዴት አይከብድ፣ እናት ናት" አሉት።

መታጠፊያው ላይ ጡረተኛው ሾፌር ከተቀመጡበት ተነሥተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ሣጥኑን ትኩር ብለው አዩ።

"ይሄ የኔ አይደለም እንዴ?"

"ትተውት ሄዱ እኮ፣ ጋሼ" አለ ሜትሩ።

ሾፌሩ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። "እሱስ ልክ ነህ። ለሳቸው ይሁን" ብለው አንዱን ጫፍ ተሸከሙ።

የአማቱ ደጃፍ ሲደርሱ ሠላሳ ሰው ሆነዋል፤ ለቅሶውም ቀልጧል። ሣጥኑ ከደረጃው ጋር ተጋጨ። ከውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ ማራገቢያው ተነሣ፤ ጭብጨባ ተሰማ፤ ቀጥሎ የልጅቷ ድምፅ፣ "አያቴ፣ ይኸው በቃ ጨረስኩ። አሁን ወደ አንቺ መምጣቴ ነው" ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ መሬት ላይ ዘጭ አለች። ሾፌሩ ጫፉን ለቀው ሦስት እርምጃ ራቁና፣ "እንኳንም ተውኩት" አሉ። ሣጥኑ በተሸካሚዎቹ እጅ ላይ ተገለበጠ፤ እንደተገለበጠ ይዘውት ገቡ።

አማቱ አልጋቸው ላይ ሆነው ለቅሶውን ሰምተው ልጃቸውን፣ "ማን ሞተ?" እያሉ ሲጠይቁ ነበር። አሁን በበሩ የገባውን ሣጥን፣ ከዚያም አማቻቸውን አዩ።

"ልጄ፣ ትንሽ ብትታገሠኝ ምን ነበረበት?"

"እማማ፣ ሲኒማ ነው።"

"እሱንማ እያየሁ ነው።"

ነገሩን ለሁሉም ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀ። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተቀየመ፤ የሄደ ግን የለም። አንዲት ሴትዮማ፣ "ያን ያህል አልቅሼ ሳላይ አልሄድም" ብላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

መስኮቶቹ ተሸፈኑ፣ አምፖሉ በራ። ተመራቂዎቹ እንደ ሌሊት ወፍ ከጣሪያው ተንጠልጥለው ታዩ።

"ክዳኑ ወደ ታች ሆኖ ነው" አለ ሜትሩ። "ገልብጡት፤ ቀስ ብላችሁ፣ ሰው እንዳለበት ያዙት።"

አራት ሰዎች ገለበጡት። የልጅቷ ፊት ግድግዳውን ሞላው፤ አንድ አንዱ ጥርሷ የአባቷን ዳቦ ያህላል። አያት ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ "ይቺ ልጅ ከስታለች" አሉ።

"እማዬ፣ ጆሮዋ ብቻ በር ያህላል እኮ" አለ ዳቦ ጋጋሪው።

"ቢሆንም ከስታለች።"

የመሞታቸው ወሬ ግን ከእውነቱ ቀድሞ ሩቅ ሰፈር ደርሶ ነበር። ወሩን ሙሉ ሰው ፊቱን አጥቁሮ ይመጣል፤ አማቱ ትራሳቸውን ከፍ አስደርገው፣ "ቁጭ በሉ። ስለ እኔ ምን ልትሉ ነበር የመጣችሁት?" ይላሉ። እንግዶቹ እየተንተባተቡ ያመሰግኗቸዋል። ያጎደሉ ከመሰላቸው፣ "ደግነቴን አልጠቀሳችሁም" ብለው ያርማሉ። የሚገባቸውን ያህል ከተባለ በኋላ ነው ሜትሩ ተጠርቶ ምረቃውን የሚያሳየው።

አንድ ቀን በግንብ አጥር ተጣልተው አሥራ አንድ ዓመት ያልተነጋገሯት፣ ኋላም ሩቅ ሰፈር የገባች የድሮ ጎረቤታቸው መጣች። ከጓዳው በር ላይ ቆማ፣ አልጋው ላይ ያለው ማን እንደሆነ እንኳ ሳታይ፣ ፊቷን በመሐረብ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። የአጥሩን ነገር አነሣች፣ ጥፋቱ የኔ ነበር አለች፣ እንደሷ ያለ ጎረቤት አላየሁም አለች። አማቱ አላቋረጧትም። ሴትዮዋ ዓይኗን ጠርጋ ቀና ስትልና ክው ስትል፣ እሳቸው ጆሯቸውን አዘንብለው፣ "ያቺን የአጥሯን ነገር ብቻ ደግመሽ በይልኝ፤ በደንብ አልሰማሁሽም" አሏት።